በእግር የሚዘፍን መኪና

ልብስ ሰፊው እጁም ምላሱም ሥራ መፍታት አያውቁም። ሰፈሩ «ጋሽ መርፌ» ያለው በሙያው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቀጭን ነው፣ ይወጋል፣ ከወጋ በኋላም ክሩን አስከትሎ ይጎትታል። ሱሪ ሊያሰፋ የመጣን ሰው ወገቡን እየለካ «አምና ብቻህን ነበር የመጣኸው» ይለዋል። ሰውየው ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ሱሪው ሲጠበውም ተመልሶ የሚመጣው እዚያው ነው። የላይኛው ጥርሱ ሰው ሠራሽ ነው። ስፌት ላይ ሲቀመጥ አውልቆ የቁልፍ ቆርቆሮው ውስጥ ያኖረዋል፤ ስፒል በከንፈሩ ለመያዝ እንደዚያ ይቀለዋል። አንድ ቀን ከሸሚዝ ቁልፍ ጋር ተምታቶበት ደረት ላይ ሊተክለው ነበር ይባላል፣ እኔ ግን አላየሁም።

የዚህ ሁሉ ምላስ ዋና ሥራው ሚስቱን መተረብ ነው። ሚስትየው ልጅ ሆና፣ ገና ሳይጋቡ፣ ክር ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ፋብሪካው የሴት ሠራተኞች የዘፈን ቡድን ነበረው፤ ቡድኑም በዕድሜው አንዲት ትንሽ ሸክላ አስቀርጿል። እሷ «ከሃያ አራቱ ዘፋኞች አንዷ እኔ ነኝ» ትላለች። እሱ ደግሞ «አንቺ ከአጨብጫቢዎቹ አንዷ ነሽ» ይላል። ሸክላዋ ቤት ውስጥ አለች፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከብርድ ልብሱ ሥር። ሽፋኗ ላይ «የሴት ሠራተኞች ቡድን» ከሚል ጽሑፍ በቀር የማንም ስም የለም። እሷ ሸክላዋን ለማስረጃ ስታወጣ፣ ፋብሪካው ለዘበኛውም አንድ እንደሰጠው ያስታውሳትና ዘበኛውም ዘፍኗል በይኛ ይላታል። ሃያ አራት ሴት ባንድ ላይ ሲጮህ ያንቺ ድምፅ በምን ይለያል ሲላት፣ ከንፈሯን ነከስ አድርጋ «አውቀዋለሁ» ትላለች። ከዚያ በላይ ቃል አይወጣትም። እንዲህ እንዲህ እያለ አርባ ዓመት ሞላ፤ የቤት ስሟም «ዘፋኟ» ሆኖ ቀረ። ዘፋኟ ውሃ አቀብዪኝ፣ ዘፋኟ ካውያው ጋለ ወይ፣ ዘፋኟ መቀሱን የት ጣልሽው።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እሱ ይህ እንዲታወቅበት አይፈልግም። ሸክላዋን መስማት የሚቻልበት ዘመን ነበር። ልጆቻቸው ትንንሽ ሳሉ ጎረቤታቸው ጥሩ ሸክላ ማጫወቻ ነበረው። እሷ «ይዘን እንሂድና እንስማት» ባለች ቁጥር፣ እሱ ወይ ሥራ ይበዛበታል፣ ወይ ራሱን ያመዋል፣ ወይ ያንን ምስኪን ጎረቤት በሆነ ባልሆነው ያኮርፈዋል። ምክንያቱን ልቡ ያውቀዋል። ድምጿ ከሌለበት ታዝናለች፤ ካለበት ደግሞ ተረቡ ያልቅበታል። ሁለቱንም አልፈለገም። ጎረቤቱ ማጫወቻውን ተሸክሞ ቤት ቀየረ፣ ነገሩም በዚያው ተዳፈነ።

ዘንድሮ ግን ጆሮዋ አሻፈረኝ አለ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ጮክ አደረገች። ቀጥሎ እሱ ሲተርባት የማያስቀው ቦታ ላይ ትስቅ፣ የሚያስቀው ቦታ ላይ ዝም ትል ጀመር። ቴሌቪዥኑን ችሎት ነበር፣ ይኼኛው ግን አስደነገጠው። የማይሰማ ሰው እንዴት ይተረባል? በሳምንቱ ክንዷን ይዞ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ እጇ ቀልጣፋ። ሹካ የምትመስል ብረት አወጣችና ጉልበቷ ላይ መታ አድርጋ ከሚስትየው ጆሮ አጠገብ ያዘቻት። ሚስትየው ምንም አልሰማሁም አለች። ሐኪሟ ብረቷን እንደገና መታችና የብረቷን እግር ከሚስትየው ጆሮ ኋላ ያለው አጥንት ላይ አስደገፈች። ያኔ ሚስትየው ዓይኗ ፈጠጠ፤ ኧረ ይቺስ ትጮኻለች አለች። ልብስ ሰፊው ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይህን ሁሉ ያያል። ሐኪሟ ስታስረዳ፣ ጆሮ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ አጥንት ደርቃ አልነቃነቅ ብላለች፤ የተዘጋው በሩ ነው እንጂ ከኋላ ያለው ነርቭ ደህና ነው። ማጉያ ይታዘዝላታል፣ ለእሱ ግን ተራ አለ፣ ወራት ይፈጃል። ማጉያውም ቢሆን ለወሬ ነው የሚሆነው፣ ዘፈን እንደ ቆርቆሮ ያንኳኳባታል። ነርቩንም ዕድሜ ሳይነካው አይቀርም፤ ስለዚህ የምትሰሚውን አሁን ስሚ አለቻት።

ሚስትየው ወደ ሐኪሟ ጎንበስ አለች።

«አንዲት ሸክላ አለችኝ» አለች። «ልጅ ሆኜ የዘፈንኩባት። ጨርሶ ከመደንቆሬ በፊት አንዴ ብሰማት ሌላ አልፈልግም ነበር። ባለቤቴ አያምነኝም።»

ሐኪሟ ዞር ብላ ልብስ ሰፊውን አየችው። እሱም ቆቡን አየ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል አይደል፤ ያ የአርባ ዓመት ተረብ እሷ ሆድ ውስጥ ምን ሆኖ እንደተቀመጠ የሰማው ያን ዕለት፣ በሰው ቢሮ፣ በሰው ወንበር ላይ ሆኖ ነው። ለሐኪሟ ነገረች እንጂ ለእሱ አልነገረችም። አፈረ፣ አንጀቱንም በላችው። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተረባትም፤ እሷም አስፋልቱን ሲሻገሩ እጁን ጨበጥ አድርጋ ምነው አመመህ እንዴ አለችው።

በማግስቱ ሱቁን ሳይከፍት የሱቅ ጎረቤቱ ሬዲዮ ሠሪው ዘንድ ገባ። ሬዲዮ ሠሪው በዕድሜ ልጁ ይሆናል፤ ነገር በማብላላት ግን ሽማግሌ ነው። ሸክላ ማጫወቻ የሚባል ነገር አለህ ወይ ሲለው፣ አንድ እንደነበረው፣ ሞተሩ ከተቃጠለ ሦስት ዓመት እንዳለፈው፣ ሳጥኑን ደግሞ ሚስቱ ወስዳ ሽንኩርት እንደምታኖርበት ነገረው። ልብስ ሰፊው ቅስሙ ተሰብሮ ሊወጣ ሲል፣ ያኛው መበየጃውን አስቀመጠና፣ ለነገሩ ሸክላ መብራት አይፈልግም አለው። ሸክላ ማለት ጭረት ነው። መርፌ ጭረቱን ተከትላ ትንቀጠቀጣለች፣ መንቀጥቀጧን ለወረቀት ታቀብላለች፣ ወረቀቱም ለአየር ያቀብላል፤ የጥንቶቹ ማጫወቻዎች ከዚህ ሌላ ነገር አልነበራቸውም።

ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቆመ። መርፌና ወረቀት ብቻ ከሆነማ ይኼ የኔ ሥራ ነው አለ።

«የሚያሽከረክረውስ?» አለው ሬዲዮ ሠሪው። «በደቂቃ አርባ አምስት ዙር ያስፈልጋል፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ። በእጅ ከሆነ ይንገዳገዳል።»

«እግሬስ ምን ሆነና?» አለ ልብስ ሰፊው።

ሬዲዮ ሠሪው እግሩን አየና ሳቁን ዋጠ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አለ፤ ከዚያ ግን ኮስተር ብሎ አስጠነቀቀው። የስፌት መርፌ ብረት ነው፣ ሸክላዋን ያርሳታል። በሄደች ቁጥር ከጭረቱ እየላገች ነው የምትሄደው። ሦስት ጊዜ፣ ቢበዛ አራት ጊዜ ብታሰማት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ንፋስ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በሷ አትለማመድ ብሎ፣ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠገበች አንዲት አሮጌ ሸክላ አወጣለት። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ናት። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ «አንድ፣ ሁለት፣ ጎንበስ፣ ቀና» እያለ ያዝባታል።

እንግዲህ ሥራው ተጀመረ። የስፌት መኪናዋን ራስ ከጠረጴዛው ፈትቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ጥግ አስቀመጠው። ከታች መርገጫውና ትልቁ ሽክርክሪት ቀሩ። ሬዲዮ ሠሪው ሰጥቶት ከነበረ አሮጌ ጋሪ አንድ ኩሽኔታ አወጣና ጠረጴዛው መሃል ላይ ተከለ፤ በኩሽኔታው ላይ ክብ እንጨት አሰረ። ክቡ እንጨት የሚስቱ ዱካ መቀመጫ ነበር። ሌላ እንጨት ጠፍቶ አይደለም፤ በሜትሩ ቢለካው ስፋቱ ከታችኛው ሽክርክሪት ጋር ልክ ሆኖ አገኘው። እንዲህ ከሆነ አንድ ርግጫ አንድ ዙር ነው፣ ሂሳብ የለበት ምን የለበት። ቺንጋውን ከታች አንስቶ በሁለት ባዶ የክር እንጨቶች ላይ አጠማዞ ወደ ክቡ እንጨት አመጣው። እሷ ከጓዳ ወጥታ ዱካዋን ያለ መቀመጫ፣ በሦስት እግሩ ብቻ ቆሞ ባገኘችው ጊዜ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ሄዳ ትራስ ላይ ተቀመጠች። ባሏን የምታውቅ ሴት ናት፣ ሲሠራ አትጠይቀውም።

ቀንዱን ደግሞ ኮሌታ ከሚቆርጥበት ጠንካራ ወረቀት ጠቀለለው። መጀመሪያ የሠራው አጭር ሆነበት፣ ሁለተኛው ተጣመመበት። ሦስተኛውን በልብስ ልክ፣ በስፌትና በገበር ሠራው፤ እውነቴን ነው፣ ወረቀቱን ገበር አገባለት። ጫፉ ላይ ሐር የሚሰፋባትን ቀጭኗን መርፌ ሰካ። ቀንዱ በክብደቱ ሸክላውን እንዳይጫነው በክር አንጠለጠለው፤ በክሩ ሌላኛ ጫፍ ትንሽ ከረጢት አሰረና ቁልፍ እየጨመረ መዘነ። አሥራ ሰባት የሸሚዝ ቁልፍና ሁለት የካፖርት ቁልፍ ሲገባበት መርፌዋ ሸክላው ላይ ቀለል ብላ ተቀመጠች።

በአምስተኛው ቀን ከምሳ በፊት ሬዲዮ ሠሪው ተጠራ። ሚስትየውም መጥታ ትራሷ ላይ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊው ጥርሱን አውልቆ ቆርቆሮው ውስጥ ጣለ፣ እግሩን መርገጫው ላይ አኖረ፣ መርገጥ ጀመረ። ክቡ እንጨት ዞረ። መርፌዋ ወረደች። ከወረቀቱ ቀንድ ውስጥ የአንድ ሰውዬ ድምፅ ብቅ አለ፣ ቀጭን፣ እንደ ጫጩት። ፈጥነሃል ተባለ፤ ቀነሰ። አሁን ሰውዬው ከእንቅልፍ እንደተቀሰቀሰ ሰው አፉ ተሳሰረ። ግድግዳው ሰዓት ላይ ዓይኑን ተክሎ አርባ አምስቱን ሲያገኝ፣ ጎልማሳው ሰውዬ በገዛ ድምፁ «አንድ፣ ሁለት» አለ። ሬዲዮ ሠሪው ከመቀመጫው ተነሣ። ልብስ ሰፊው ያለ ጥርስ ፈገግ አለ።

ግን አንድ ነገር አለ። ሰውዬው «አንድ፣ ሁለት፣ ጎንበስ» ይልና፣ ከዚያ ምላሱ ይጎተታል፣ ሊያቆም ይደርሳል፣ ከዚያ እንደገና ይነሣና ይሮጣል። ትንሽ ይሄዳል፣ አሁንም ይጎተታል። ሬዲዮ ሠሪው ኩሽኔታውን አየ፣ ቺንጋውን ነካካ፣ በክር እንጨቶቹ ላይ ዘይት ጠብ አደረገ። ያው ነው። መምህሩ ደክሞት ይሆናል፣ በዚህ ዕድሜው ጎንበስ ቀና ቀላል አይደለም አለ ልብስ ሰፊው፤ ቀልዱ ግን ለራሱም አልጣመውም። በእንዲህ ያለ ነገር የሷን ሸክላ ማስነካት አይቻልም።

ነገሩን ያወቀችው ሚስትየው ናት። ከቀንዱ የሚወጣውን አንዲትም አልሰማችም። ዓይኗ እግሩ ላይ ነበር።

«ኮሌታ እየሰፋህ ነው» አለች።

ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ። አርባ ዓመት በግድግዳ ማዶ ሆና የሰማችው እግር ነው፤ በዓይኗ ብቻ አይታ ለየችው። ኮሌታ ሲሰፋ ረጅሙን ጎን ይሮጣል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ጋብ ይላል፣ ጨርቁን ያዞራል፣ አጭሩን ጎን ይሄዳል፣ እንደገና ጋብ ይላል። አሁን መርፌም ጨርቅም የለም፣ እግሩ ግን የለመደውን ኮሌታ ያዞራል። ልብስ ሰፊው በፍጹም አለ፤ ረገጠና ራሱን አዳመጠ፤ ጉድ እኮ ነው፣ እግሩ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ላለማቆም ሲታገል ጭራሽ ባሰበት። ሬዲዮ ሠሪው ሳቁን መዋጥ አቅቶት ወደ በሩ ዞረ።

ሚስትየው ተነሣች፣ ትራሷን ይዛ መጣች፣ የባሏን ወንበር በወገቧ ገፋ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። ነጠላ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን መርገጫው ላይ፣ ከእግሩ ጎን አኖረች። መርገጫው ሰፊ ነው፣ ለሁለት ይበቃል። «ልቀቀው» አለችው። እግሩን አላላ። እሷ ረገጠች። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፤ ሰዓቱን እንኳ አላየችም። ጎልማሳው ሰውዬ ጎንበስ ቀናውን ያለ አንዳች ድካም እስከ መጨረሻው ዘለቀው። ልብስ ሰፊው እግሩ በእግሯ እየተወሰደ ሲሄድ ዘፋኟ የሚለው ቃል አፉ ላይ መጣና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይለው ቀረ።

ከዚያ የሷ ሸክላ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣች። እሱ በሐር ቁራጭ ጠረጋትና አስቀመጣት። እሷ ረገጠች። መርፌዋ ወረደች።

ቀንዱ ውስጥ ሴቶች ነበሩ። ብዙ ሴቶች፣ ከሩቅ፣ ከተዘጋ በር ማዶ እንዳሉ ሁሉ። ክርን የሚመለከት ዘፈን ነው፤ አዝማቹ «ይሽከርከር፣ ይሽከርከር» ይላል፣ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ልብስ ሰፊው ትንፋሹን ይዞ አዳመጠ። የሚስቱን ድምፅ ያውቀዋል፣ አርባ ዓመት ሰምቶታል፣ ግን ከዚያ ሁሉ ሴት ውስጥ ፈልጎ አጣው። እሷ ደግሞ ጆሮዋን ቀንዱ አፍ ውስጥ ልትከት ደርሳለች። ፊቷን አየው። ምንም። ዘፈኑ አለቀ፣ መርፌዋ ተነሣች፣ እሷም ቀና አለች።

«ያሰማል?» አለችው። «እናንተ ሰማችሁ?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እሷም ጎሽ አለች፣ በጣም ደስ እንዳላት አድርጋ፤ እጇ ግን ቀሚሷን ያለ ምክንያት ታስተካክል ነበር። አምስት ቀን ሙሉ ዱካዋን አፍርሶ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ወረቀት በገበር ሰፍቶ፣ ዘፈኑን የሰሙት እሱና ሬዲዮ ሠሪው ሆኑ። ሬዲዮ ሠሪው ሸክላዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ አያት። ጭረቷ ከወዲሁ ነጣ ነጣ ብሏል። ሁለት ጊዜ ብትቀር ነው ጋሼ አለው፣ በቀስታ።

ያኔ ነው ልብስ ሰፊው ሹካ የመሰለችው ብረት ትዝ ያለችው። ከጆሮዋ ኋላ፣ አጥንቱ ላይ ስትቀመጥ ዓይኗ እንዴት እንደፈጠጠ። የተዘጋው በሩ ነው ብላ አልነበር ሐኪሟ? በር ከተዘጋ በሌላ መግባት ነው። ቀንዱን ከክሩ ፈታ። አጭሯን የእንጨት ማስመሪያ አነሣ፣ የሐሯን መርፌ ከቀንዱ ነቅሎ ማስመሪያዋ ጫፍ ላይ በክር ጠፈነጋት፤ ቁልፍ ሲተክል እንደሚጠፈንገው ስድስት ጊዜ አዙሮ ቋጨ። ሌላኛውን ጫፍ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ ወደ አፏ አቀረበላት።

ምንድን ነው አለችው። ወደ ጆሮዋ ተጠግቶ ጮክ ብሎ «ንከሺ» አላት።

አየችው። እንደ ሌላ ተረብ ነው የመሰላት። እሱ ግን አልሳቀም። በጥርሷ ያዘችው፣ ወደ ሸክላዋ ጎንበስ አለች፣ እግሯን መርገጫው ላይ መለሰች፤ እሱም የሱን ከጎኗ አኖረ። መርፌዋ ጭረቷን አገኘች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ቀንዱ የለም፣ ስለዚህ ለእሱ የሚሰማው የመርገጫው ኩርፊያና ጥቂት ፍትጊያ ብቻ ነው። ዘፈኑ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የሷ ራስ ውስጥ። ትከሻዋ ደነገጠ። ዓይኗን ጨፈነች። ማስመሪያዋን እንደነከሰች እንባዋ በአፍንጫዋ ጎን ወረደ፤ አላበሰችውም። እግሯ ግን አልተዛነፈም፤ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣ እንደ ሰዓት ይሄዳል።

ከዚያ በመሃል፣ አንድ ጊዜ፣ እግሯ ዘለለ። አንዲት ምት ቀደመ። ወዲያው ተመለሰና እንደ ቀድሞው መሄዱን ቀጠለ። ልብስ ሰፊው በውስጥ እግሩ ነው የሰማው። እግር የሚያውቅ ሰው ነው፤ አንዲት ርግጫ ከቦታዋ ስትነቃነቅ እንኳን ሸክላ ላይ፣ ከሸሚዝ እጀታ ላይም ያገኛታል።

ዘፈኑ ሲያልቅ ማስመሪያዋን ከአፏ አወጣች። ሬዲዮ ሠሪው ሱቄን ክፍት ትቼው ነው የመጣሁት አለና ወጣ፤ አልነበረም እኮ፣ ሲመጣ ዘግቶት ነው የመጣው።

ልብስ ሰፊው ወደ ጆሮዋ ተጠጋ።

«አንዴ ቀደምሽ» አላት።

ደነገጠች። ልጅ ሆና ያጠፋችው እንደተያዘባት ሁሉ ፊቷ ቀላ።

«በምን አወቅህ?»

«እግርሽ ነገረኝ።»

ከዚያ ነገረችው። ሁለተኛው አዝማች ላይ አራት ምት መጠበቅ ነበረባቸው። ሁሉም ጠበቁ። እሷ ሦስት ቆጥራ «ይሽከርከር» አለች፣ ብቻዋን፣ ከሃያ ሦስቱም ፊት። ቡድን መሪው በዓይኑ ሊበላት ደረሰ፣ ግን የሚደገም ነገር አልነበረም፤ እንደዚያው ተቀረጸ። ድምጿን የምታውቀው በዚያች በቀደመችው ቃል ነው። እንኳን ከሃያ አራት፣ ከሺህም መሃል ታውቃታለች። አርባ ዓመት ሙሉ ይህንን ለእሱ ያልነገረችበት ምክንያት ደግሞ ግልጽ ነው። «ብነግርህ ኖሮ» አለችው፣ «መውጫ መግቢያ ታሳጣኝ ነበር።»

እውነቷን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብሎ ይጀምርና ለአንድ ዕድሜ የሚበቃ ተረብ ያወጣበት ነበር። ያ ሁሉ ተረብ አሁን ራሱ በእግሩ መጥቶ ፊቱ ቆሟል። ልብስ ሰፊው ግን አልነካውም። ሸክላ ማጫወቻ የነበረውን ጎረቤታቸውን ያኮረፈበት ዘመን ትዝ አለው። ያኔ ቢሰሟት ኖሮ እሷ ጆሮዋ ደህና፣ እሱም ጥርሱ የገዛ ራሱ ነበር።

«ያኔ መውሰድ ነበረብኝ» አላት። «ፈርቼ ነው። አጥፍቻለሁ።»

ምን ያህሉን እንደሰማች አላውቅም። ማስመሪያዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ወደ እሱ ዘረጋች። አንድ ጊዜ ቀርቷታል፣ አንተ ስማት አለችው። ለራሷ የቀረቻትን አንዷን ነው የምትሰጠው። ልብስ ሰፊው ማስመሪያዋን አየ። ከዚያ እጁን ወደ ቆርቆሮው ሰደደ፣ ከቁልፎቹ መሃል የላይኛውን ጥርሱን አወጣና በመዳፉ ላይ አሳያት።

«በዚህ ነው የምነክሰው?» አላት። «ይህ እንኳን ዘፈን፣ የዳቦ ጣዕምም በወጉ አያደርስልኝ። አንቺ ስሚ። እኔ በእግሬ እሰማለሁ።»

ሳቀች። ሲያስቅ ነው የሳቀችው፣ በትክክለኛው ቦታ። ማስመሪያዋን ነክሳ ጎንበስ አለች፤ ሁለቱም እግራቸውን መርገጫው ላይ አኖሩ። ሸክላዋ ዞረች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። የመጀመሪያው አዝማች አለፈ፣ እግሯ እንደ ሰዓት። ከዚያ ቆጠረ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መጣች። አብሯት ዘለለ።

ከዚያ ወዲያ ሸክላዋ ንፋስ ብቻ ሆነች። ለመኪናዋ ራሷ ተመለሰላት፣ ለዱካውም መቀመጫው፤ ማስመሪያዋ ግን የጥርስ ምልክቷን ይዛ ግድግዳው ላይ በምስማር ተሰቀለች፣ ልብስ አይለካባትም። በሳምንቱ አንድ ደንበኛ ሱሪውን ሊያስሰፋ መጥቶ፣ ሚስትየው ውሃ ይዛ ስታልፍ፣ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ሰውዬው ወገብ ላይ እንዳዞረ ወደ እሷ በአገጩ ጠቆመ።

«ይቺን የምታያት» አለው፣ «ዘፋኝ ናት። ሃያ ሦስት ሴት ከኋላዋ አስከትላ የዘፈነች።»

እሷ አልሰማችም። ምን አልከው ብላ ጠየቀችው። ሱሪው ጠቦት ነው አላት፣ ጮክ ብሎ፤ ሰውዬውም ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ።